አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሃያ ዓመት፦ የሕይወት ሳይንስ የፓተንት ጠበቃ ምን ይሠራል?

የፓተንት ጠበቃ ከተመራማሪ ጋር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግኝቱ አይደለም። “ለማን ነገራችሁ? መቼስ ይታተማል?” ነው የሚለው። ሦስት ዓመት የደከመበትን ውጤት ለማስረዳት ጓጉቶ የመጣው ተመራማሪ በቀን ቆጠራ ሲቀበሉት ቅር ይለዋል። ከዚያ በጨዋታ መሐል “የሚቀጥለው ሳምንት ጉባኤ ላይ አጭር ገለጻ አለኝ፤ ያን ያህል ዝርዝር የለውም” ይላል። ጠበቃው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው።

ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ሰው ፈጠራህን እንዳይሠራው የመከልከል መብት፣ የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግ ደግሞ ፈጣሪው ራሱ ቀድሞ በአደባባይ ከተናገረው ነገሩ አዲስ መሆኑ ይቀራል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ታሪኮች የታወቀው የስታንሊ ኮኸን እና የኸርበርት ቦየር ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ዲኤንኤን ቆርጦ በሌላ ሕዋስ ውስጥ የማባዛት ዘዴያቸውን በኖቬምበር 1973 አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓተንት የማውጣት ሐሳብ አልነበራቸውም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ፈቃድ ጉዳዮችን ይመራ የነበረው ኒልስ ራይመርስ ነገሩን ያወቀው በሜይ 1974 ከወጣ የጋዜጣ ዜና ነበር። የአሜሪካ ሕግ ከኅትመት በኋላ የአንድ ዓመት እፎይታ ይሰጣልና ማመልከቻው ኖቬምበር 4 ቀን 1974፣ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ገባ። ከዚያ የተገኙት ፓተንቶች በ1997 ጊዜያቸው እስኪያበቃ ድረስ ለ468 ኩባንያዎች ፈቃድ ተሰጥቶባቸው ወደ 255 ሚሊዮን ዶላር አስገኙ። እንዲህ ያለ እፎይታ በሌለባቸው አገሮች ግን የራሳቸው ጽሑፍ በሩን ስለዘጋባቸው የተገኘ መብት አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይተው፣ በ1975፣ ጆርጅ ኮለር እና ሴዛር ሚልስታይን ለዛሬዎቹ የፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ወራሪን ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን) መድኃኒቶች መሠረት የሆነውን ዘዴ ሲያሳትሙ ማመልከቻ ያስገባላቸው ሰው ጭራሽ አልነበረም።

ከውጭ ሲታይ ይህ ሙያ ፈጠራን የመጠበቅ ሥራ ይመስላል። ከውስጥ ያየው ሰው ግን ሥራው ሁለት ነገሮችን መለካት መሆኑን ያውቃል፤ ቀንና ድንበር። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ በቅርብ ዓመታት ፍርድ ቤቶች፣ በተለይም የአሜሪካዎቹ፣ ድንበሩን ሲያጠቡት ባለመብቶች ደግሞ ቀኑን ማስረዘም ተክነውበታል። ሁለቱ ነገሮች ተያያዥ ሆነው ሳለ ሰዎች አንዱን በአንድ ወገን፣ ሌላውን በሌላ ወገን ያነሷቸዋል።

ስለ ባለሙያዎቹ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ፊት ደንበኛን ለመወከል የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ያስፈልጋል፤ የሕግ ዲግሪ ሳይኖራቸው ፈተናውን አልፈው የፓተንት ወኪል የሚሆኑም አሉ። የአውሮፓም ፈተና እንዲሁ ሳይንስ ለተማሩ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን በከባድነቱ የታወቀ ነው። በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ ከቤተ ሙከራ ወንበር ተነሥተው፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወደ ሕግ የገቡ ሰዎችን ማግኘት የተለመደ ነው። ጥሩው የሚለየው የሙከራውን ሥዕል ገና እንዳየ “ማነጻጸሪያው ናሙና የታለ?” ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ እሱ ዛሬ ካልጠየቀ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ፈጣሪው ቃለ መሐላ ፈጽሞ በተቀመጠበት ይጠይቀዋል።

የፓተንት ሰነድ ረጅም ነው። በዚህ ዘርፍ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ፣ ሥዕል፣ ሰንጠረዥ፣ ከኋላው ደግሞ የዲኤንኤና የፕሮቲን ቅደም ተከተል ዝርዝር የያዘ ሊሆን ይችላል። መብቱ ያለው ግን መጨረሻ ላይ በቁጥር በተደረደሩት የይገባኛል ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ቃሉ በመሬት ክርክር እንደምናውቀው ነው፤ ካስማው ከዚህ እስከዚያ ተተክሏል ማለት። እያንዳንዱ የይገባኛል ጥያቄ የቱንም ያህል ቢረዝም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። “ሀን እና ለን ያካተተ መድኃኒት” ብሎ የጻፈ ሰው፣ ተፎካካሪው መን ቢጨምርበትም አጥሩን እንደጣሰ ነው የሚቆጠርለት። “ሀ እና ለ ብቻ ያሉት” ብሎ የጻፈ ግን መን የጨመረው ተፎካካሪ ወጥቶ ሲሄድ ቆሞ ያያል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስለኛል።

ሕይወት ያለውን ነገር በቃል መግለጽ ደግሞ የራሱ አበሳ አለው። መኪና የሠራ ሰው ሥዕል ነድፎ ያሳያል፤ ከአፈር የተገኘን ባክቴሪያ ግን ሌላው ሰው መልሶ እንዲያገኘው አድርጎ በወረቀት መግለጽ አይቻልም። የ1977ቱ የቡዳፔስት ስምምነት ለዚህ መላ አበጀ፤ ቃል ሲያጥር ሕዋሱ ራሱ በታወቀ ማከማቻ ተቀምጦ የተሰጠው ቁጥር በሰነዱ ላይ ይጻፋል። የቅደም ተከተል ዝርዝሩም ከጁላይ 2022 ወዲህ በአንድ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ቅርጽ እንዲቀርብ ሆኗል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ከተገነባባቸው አራት መቶ አሚኖ አሲዶች መካከል አንዷ በስሕተት ብትገባ ፓተንቱ የሚጠብቀው ኩባንያው የሚሸጠውን መድኃኒት ሳይሆን በዓለም ላይ የሌለ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ግን ይህ ነገር የማንም ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አናንዳ ቻክራባርቲ ድፍድፍ ዘይትን እንዲሰባብር አድርጎ ያሻሻለው ባክቴሪያ ፓተንት ሊሰጠው እንደሚችል 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ባለሀብት ማሳመን የቀለላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነፋሱ ተገለበጠ። በ2012 ያው ፍርድ ቤት በደም ውስጥ ያለ የመድኃኒት መጠንና የሕክምና ውጤት ያላቸው ዝምድና የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ፓተንት አይሰጠውም አለ። በ2013 ደግሞ ከጡትና ከእንቁልጢ ካንሰር ጋር የተያያዙትን ሁለት ዘረ-መሎች በተመለከተ፣ ከሰውነት ነጥሎ ማውጣት ብቻውን ፈጠራ አይደለም ሲል ሚሪያድ ጀኔቲክስ በተባለው ኩባንያ ላይ በሙሉ ድምፅ ፈረደ። በቤተ ሙከራ የተሠራው ቅጂ ግን፣ በተፈጥሮ የማይገኝ ስለሆነ፣ ሊጠበቅ ይችላል አለ።

ከዚህ የተነሣ ክፉኛ የተመታው የምርመራ ዘርፍ ነው። ከነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ የፅንሱን ዲኤንኤ ፈልጎ መመርመር መርፌ ወደ ማህፀን ማስገባትን ያስቀረ ትልቅ ግኝት ነበር። ሆኖም በ2015 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፓተንቱ ወደቀ፤ ከዳኞቹ አንዱ ሪቻርድ ሊን ግኝቱ ጥበቃ ይገባው እንደነበር፣ ነገር ግን የበላይ ፍርድ ቤቱ ቃል እጁን እንዳሰረው ጽፎ ነው ሳይወድ የተስማማው። ጠበቆች ሌላ መንገድ ፈለጉ። “የሕመምተኛውን ዘረ-መል መመርመር” ብሎ ከማቆም ይልቅ “መርምሮ፣ እንደ ውጤቱም ይህን ያህል ሚሊግራም መስጠት” ብለው መጻፍ ጀመሩ፤ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተቀበላቸው። በአውሮፓ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከሰውነት ተነጥሎ የወጣ ዘረ-መል በ1998ቱ መመሪያ መሠረት ጥበቃ ሊያገኝ ሲችል፣ ሰውን የማከም ዘዴ ግን ፓተንት አይሰጠውም፤ የሚቻለው “ለዚህ በሽታ ሕክምና የሚውል መድኃኒት” ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ለአንድ ግኝት ሁለት ልብስ መስፋት የዘወትር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ መድኃኒት ኩባንያዎቹ አምጀን እና ሳኖፊ ክርክር።

በጉበት ሕዋሳት ላይ ኮሌስትሮልን ከደም የሚያነሡ ተቀባዮች አሉ። ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን እነዚህን ተቀባዮች ያጠፋቸዋል። ፕሮቲኑን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ቢገኝ ተቀባዮቹ ይተርፋሉ፣ ኮሌስትሮሉም ይቀንሳል። አምጀን ሬፓታን፣ ሳኖፊና ሪጀነሮን ደግሞ ፕራሉዌንትን ሠርተው በ2015 በሳምንታት ልዩነት ፈቃድ አገኙ። ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው መድኃኒት ቅደም ተከተል ላይ ፓተንት ነበራቸው፤ በዚህ ማንም አልተጣላም። ጠቡ የመጣው አምጀን ቆይቶ ባወጣቸው ሁለት ሰፋፊ ፓተንቶች ነው። እነዚህ የይገባኛል ጥያቄዎች ፀረ እንግዳ አካሉ ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ የሚናገሩ ነበሩ። በፕሮቲኑ ላይ ተለይተው ከተዘረዘሩ 15 አሚኖ አሲዶች በአንዱ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የሚጣበቅ፣ ፕሮቲኑንም ከተቀባዩ ጋር እንዳይገናኝ የሚያግድ ማንኛውም ፀረ እንግዳ አካል የአምጀን ነው የሚሉ።

ስንት ፀረ እንግዳ አካል እንደዚያ ያደርጋል? አምጀን በቅደም ተከተላቸው ለይቶ ያሳየው 26 ነበር። በጥያቄው ውስጥ የሚወድቁት ግን ሚሊዮኖች ሊሆኑ ይችላሉ። የቀሩትን እንዴት እናግኝ ለሚለው ሰነዱ ሁለት መንገድ አሳይቷል። አንደኛው ፀረ እንግዳ አካላትን አመንጭቶ፣ አንድ በአንድ እየፈተኑ የሚሠራውን መለየት ነው። ሁለተኛው ከታወቁት በአንዱ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ በተቀራራቢዋ ለውጦ እንደገና መፈተን ነው። በሜይ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህ ማሳየት ሳይሆን የቤት ሥራ መስጠት ነው አለ። ዳኛ ኒል ጎርሰች የጻፉት የፍርዱ እምብርት አጭር ነው፤ ብዙ የጠየቀ ብዙ ማሳየት አለበት።

ዳኛው ለምሳሌ ወደ ኋላ የሄዱት እስከ ቶማስ ኤዲሰን አምፖል ድረስ ነው። ሶየር እና ማን የተባሉ ሰዎች ከሰል በሆነ ወረቀት አምፖል ሠርተው ሳለ ፓተንት የጠየቁት ከዕፅዋት በሚገኝ ቃጫ ሁሉ ላይ ነበር። ኤዲሰን በሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ዓይነቶችን ሲፈትን ቆይቶ የሚሠራለትን ቀርከሃ አገኘ። በ1895 ፍርድ ቤቱ አንዱን ያሳየ ሁሉንም ሊወስድ አይችልም ብሎ የሶየርና የማንን ጥያቄ ጣለው። ፀረ እንግዳ አካልና ቀርከሃ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሌላው ሰው ደክሞ ፈልጎ ያገኘውን፣ ቀድመህ ስም ስላወጣህለት ብቻ የእኔ ነው ልትል አትችልም።

ፍርዱ ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የሕመምተኛውን የራሱን የመከላከያ ሕዋሳት አሻሽሎ ካንሰርን የሚያጠቃ ሕክምናን በሚመለከት ክርክር፣ ጁኖ የተባለው ኩባንያ በተፎካካሪው በካይት ላይ ያገኘውን 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ፍርድ ሽሯል። ሰነዱ ዒላማውን የሚለየውን የፕሮቲን ክፍል በተመለከተ ያሳየው ሁለት ምሳሌ ብቻ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ግን ቁጥር ስፍር የሌለውን ሁሉ ይሸፍን ነበር። ሁለት ምሳሌ፣ 1.2 ቢሊዮን ዶላር። ይህን ሒሳብ ያየ ጠበቃ ደንበኛውን “እባክህ ሌላ ሃያ ሥራልኝ” ማለቱ አይቀርም።

ማለቱም አልቀረም። ዛሬ የፀረ እንግዳ አካል ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰው ከቤተ ሙከራው ጋር የሚያደርገው ንግግር ተለውጧል። ስንቱን ፈተናችሁ? የት ላይ እንደሚጣበቅ በሥዕል አይታችኋል ወይስ እርስ በርስ በማፎካከር ብቻ ነው የገመታችሁት? ያልሠራውስ የትኛው ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ያስገርማቸዋል፤ ማን ነው ውድቀቱን በፓተንት ላይ የሚጽፈው? ነገር ግን ያልሠሩት ከሠሩት አጠገብ ሲቀመጡ ድንበሩ ለምን እዚህ ላይ እንደቆመ ያስረዳሉ። ጠበቃው እንደ ተራራ ሰንሰለት ሰፊ፣ ከዚያ ጠበብ፣ ከዚያም ጠባብ የይገባኛል ጥያቄዎችን ይደረድራል፤ የላይኛው ቢናድ የታችኛው እንዲተርፍ።

ችግሩ ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ ይጠይቃል፤ የቀን ሩጫው ደግሞ አይጠብቅም። ቀድሞ ያመለከተ ነው የሚያሸንፈው። ቶሎ ከገባህ ማስረጃህ ሳስቶ ይገኛል፤ ማስረጃ ልሰብስብ ብለህ ከቆየህ ተፎካካሪህ ይቀድምሃል። የመፍትሔው ግማሽ ከ1883ቱ የፓሪስ ስምምነት የመጣው የዐሥራ ሁለት ወር የቅድሚያ መብት ነው። በእጅህ ያለውን ይዘህ ታመለክታለህ፤ በዓመቱ ውስጥ አዳብረህ በሌሎች አገሮች ታስገባለህ፤ በመጀመሪያው ሰነድ ላይ ለነበረው ነገር የመጀመሪያው ቀን ይያዝልሃል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ የደረሰው በዘርፉ ስማቸው በገነነ ተቋማት ላይ ነው። ክሪስፐር በተባለው የዘረ-መል መቀስ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወገን (ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፓንቲየ) በሜይ 2012፣ የብሮድ ተቋም ወገን (ፌንግ ዣንግ) ደግሞ በዲሴምበር 2012 አመለከቱ። በአሜሪካ፣ ቀድሞ ያመለከተ ሳይሆን ቀድሞ የፈጠረ በሚረታበት በያኔው ሕግ፣ የተካሄደው የዓመታት ክርክር ብዙ ተጽፎበታል፤ በ2022 ለብሮድ ተፈርዶ በ2025 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ በከፊል እንደገና እንዲታይ መልሶታል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በአውሮፓ የሆነው ነው። የብሮድ የመጀመሪያ የአሜሪካ ማመልከቻዎች ላይ ሉቺያኖ ማራፊኒ የተባለ ሳይንቲስት ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ መብቱ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዓለም አቀፉ ማመልከቻ ላይ ግን እሱም ዩኒቨርሲቲውም አልነበሩም፤ ድርሻውም በጊዜው በጽሑፍ አልተላለፈም። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የቅድሚያ መብቱን ለመጠየቅ የመጀመሪያዎቹ አመልካቾች ሁሉ መገኘት አለባቸው አለ። የመጀመሪያው ቀን ጠፋ። በመሐሉ የታተሙት ጽሑፎች አዲስነቱን አጠፉት፤ ፓተንቱ በ2018 ተሻረ፣ በ2020 ይግባኙም ወደቀ። በፊርማ ሊድን ይችል የነበረ መብት መሆኑ ነው። በኋላ፣ በ2023፣ የጽሕፈት ቤቱ ከፍተኛ የይግባኝ ጉባኤ ደንቡን አላልቶ አመልካቹ መብቱ አለው ተብሎ እንዲገመት አደረገ፤ ለብሮድ ግን ጅብ ከሄደ ነበር።

የስም ነገር በሌላ በኩልም ያስከፍላል። ታሱኩ ሆንጆን ለ2018 ኖቤል ያበቃው የካንሰር ሕክምና ሥራ ላይ የተመሠረቱ ፓተንቶችን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2020 ጎርደን ፍሪማን እና ክላይቭ ውድ የተባሉ ተባባሪ ሳይንቲስቶች በፈጣሪነት እንዲገቡ ወስኗል። ለሳይንቲስት በጽሑፍ ላይ ስም ማስገባት የምስጋና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በፓተንት ላይ ግን በፈጣሪነት የገባ ስም ባለቤትነት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ የጋራ ባለቤት ሌላውን ሳያስፈቅድ ለሦስተኛ ወገን ፈቃድ መስጠት ይችላልና።

ድንበሩ እንዲህ ከጠበበ ኩባንያዎች ምን ያደርጋሉ? አንድ ሰፊ አጥር ካልጸና ብዙ ትንንሽ አጥሮችን መደርደር ነዋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

የጊዜውን ሒሳብ እንይ። የፓተንት ዕድሜ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። መድኃኒት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ገበያ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የ1984ቱ የአሜሪካ ሕግ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ማካካሻ ይሰጣል፤ ከፈቃዱ ቀን በኋላ ግን በጠቅላላው ከ14 ዓመት እንዳያልፍ አድርጎ። አውሮፓም የራሱ የአምስት ዓመት ማሟያ አለው። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም፤ ባልሸጡበት ዘመን ዕድሜያቸው እንዳይቆጠር መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁሚራ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት በ2002 መጨረሻ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ዋናው ፓተንት በ2016 አበቃ። አምራቹ አብቪ ግን በአመራረት ዘዴው፣ በቀመሩ፣ በአሰጣጡ፣ በሚታከሙት በሽታዎች ላይ 132 ተጨማሪ ፓተንቶች ሰብስቦ ነበር። ሌሎች አምራቾች የሠሯቸው አቻ መድኃኒቶች በአውሮፓ በኦክቶበር 2018 ገበያ ሲገቡ፣ በአሜሪካ ግን አምራቾቹ ከአብቪ ጋር ተዋውለው የገቡት በ2023 ነው። በ2022 ብቻ መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እያንዳንዱን ፓተንት በተናጠል መርታት ይቻል ይሆናል፤ መቶ ሠላሳውን በአንድ ላይ መርታት ግን የሕግ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የኪስ ጥያቄ ይሆናል።

የመድኃኒቱ ገዢዎች ይህ ውድድርን ማፈን ነው ብለው ከሰሱ። በ2022 የቺካጎው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ብዙ ፓተንት መያዝ ምን ጥፋት አለው ብሎ መለሳቸው፤ ኤዲሰን ብቻውን 1,093 ፓተንት ነበረው ሲልም አስታወሰ። ሰውዬው በአንዱ ፍርድ ቤት ሰፊ አጥር እንዳይኖር፣ በሌላው ደግሞ ብዙ አጥር እንዲኖር ምስክር መሆኑ ነው።

ከአምጀን ፍርድ ጋር ይህን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። የአምጀን ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን አንድን ሰፊ ጥያቄ የከለከለ ሥርዓት መቶ ጠባብ ጥያቄዎችን በነፃ ከፈቀደ፣ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ድንበሩን በቁጥር ያስመልሰዋል። የሚጎዳው አንድ ጥሩ ግኝት ብቻ ያለው ትንሽ ኩባንያ ነው፤ መቶ ማመልከቻ የሚያስገባበት አቅም የለውም። ሕንድ በ2005 በሕጓ ላይ ባስገባችው አንቀጽ የታወቀን ነገር አዲስ ቅርጽ ማስያዝ፣ የማዳን ኃይሉን ካልጨመረ በቀር፣ ፈጠራ አይደለም ትላለች። ኖቫርቲስ ለደም ካንሰር መድኃኒቱ ለግሊቬክ አንድ የክሪስታል ቅርጽ ፓተንት ጠይቆ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2013 የከለከለው በዚህ ነው፤ አዲሱ ቅርጽ በሰውነት ውስጥ በ30 በመቶ የተሻለ መመጠጡ ብቻውን በቂ አይደለም በማለት። የመድኃኒት ኩባንያዎች አንቀጹን አይወዱትም። እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ፤ ሕመምተኛው ምን አተረፈ?

በአሜሪካም ጫፍ ጫፉን መከርከም ተጀምሯል። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ በሚያሳትመው መዝገብ ላይ የተመዘገበን ፓተንት ይዞ አቻ አምራችን በጊዜው የከሰሰ ኩባንያ የተቃራኒውን ፈቃድ ለ30 ወር ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ መግባት ራሱ ሀብት ነው። በዲሴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለ አስም መንፊያ መሣሪያ ብቻ የሚናገሩ፣ በውስጡ ያለውን መድኃኒት ግን ያልጠየቁ ፓተንቶች ከዚያ መዝገብ ይውጡ ብሎ ቴቫ በተባለው መድኃኒት አምራች ላይ ወስኗል። በመሣሪያው ላይ ያለች የመድኃኒት መጠን ቆጣሪ አቻ መድኃኒትን ስታዘገይ ኖራለች ማለት ነው።

በሌላው ወገን የተቀመጠው ጠበቃም ሥራ አይፈታም። አንድ ሰው የራሱ ፓተንት ስላለው መድኃኒቱን የመሥራት ነፃነት ያለው ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። ፓተንት የመከልከል እንጂ የመሥራት መብት አይደለም፤ የራስህን ይዘህ የሌላውን አጥር ልትጥስ ትችላለህ። ስለዚህ ኩባንያ ከመግዛትህ፣ ሙከራ ከመጀመርህ በፊት በመንገድህ ላይ የቆመውን ሁሉ የሚፈልግና የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። አቻ አምራቾች ደግሞ ፓተንት ያለበትን በሽታ ከማሸጊያው ጽሑፍ ላይ አውጥተው ለቀሩት በሽታዎች ብቻ ይሸጣሉ። ዘዴው ለዓመታት ሠርቷል። በ2021 ግን ካርቬዲሎል በተባለው የልብ መድኃኒት ላይ በቴቫ ላይ የተወሰነው የ235 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ እንዲጸና ሲደረግ፣ የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ያለች አንዲት ቃል ማሸጊያው የደበቀውን ልታወጣው እንደምትችል ታየ። ከዚያ ወዲህ ጠበቃው የማስታወቂያውንም ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ያነባል።

የቀረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ ነው። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብዩ ፕሮግራሞች ለፈጣሪዎቻቸው የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን አስገኝተዋል። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2022፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ፈጣሪ ሰው መሆን አለበት ብለዋል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ማሽኑ ዐሥር ሺህ ሞለኪውል ዘርዝሮ ሰውየው አርባውን ሲመርጥ ፈጠራው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ሌላም አለ። ማሽኑ ዐሥር ሺውን ሁሉ “ይጣበቃሉ” ብሎ ቢተነብይ፣ ያ ማሳየት ነው ወይስ አምጀን እንደተባለው የቤት ሥራ? በወረቀት ላይ ያለ ትንበያ በቤተ ሙከራ ሲፈተን የሚወድቀው ብዙ ስለሆነ እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ማሽኑ እየጎበዘ በሄደ ቁጥር የፓተንት መርማሪው “ይህን ማንም ተራ ባለሙያ በኮምፒውተሩ ያገኘው ነበር” ብሎ ፈጠራነቱን ሊክድ ይችላል። ትንበያው ሲደክም ማሳየት የለም፤ ሲበረታ ፈጠራ የለም።

ለጊዜው ጠበቆቹ የሚያደርጉት ነገር ጥንታዊ ነው። ኬሚስቷን ይጠሯትና የማሽኑን ዝርዝር ከፊቷ ዘርግተው፣ ከአርባዎቹ አንዱን በጣት እያሳዩ “ይህን ለምን መረጥሽ?” ይሏታል። “ሰልፈሩ አላማረኝም ነበር፤ በናይትሮጅን ቀየርኩት” ትላለች፣ ነገሩ ቀላል መስሏት። “ጻፊው” ይሏታል። “ዛሬውኑ፣ በመዝገብሽ ላይ፣ ከነቀኑ።”